ወፍ ዘራሽ ቆሽት

አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ቆሽትን የሚያውቀው በሐኪም ቤት ሳይሆን በንዴት ነው። «ቆሽቴን አሳረረው» እንላለን፤ «ቆሽቴ አረረ» እንላለን። ይሁን እንጂ ቆሽት በሆድ ዕቃ ውስጥ በየትኛው ጥግ እንደሚገኝ፣ መልኩ ምን እንደሚመስል፣ ሥራውስ ምን እንደሆነ ብንጠየቅ ደፍሮ የሚመልስ ከመካከላችን ጥቂት ነው። ቋንቋችን የሆድ ዕቃን ክፍሎች ለየስሜቱ ካከፋፈለ ቆይቷል፤ ለርኅራኄ አንጀትን፣ ለድፍረት ሐሞትን፣ ለቂም ሆድን፣ ለንዴት ደግሞ ጨጓራንና ቆሽትን መድቧል። «ጨጓራዬን ላጠው» ያለ ሰውና «ቆሽቴን አሳረረው» ያለ ሰው ያው አንድ ነገር ተናግረዋል። ሁለቱ በቃል ጎረቤት ከሆኑ ብዙ ዘመን ቢያልፍም፣ በእውነተኛው የሰው አካል ውስጥ ቆሽት አልፎ አልፎ በጨጓራ ግድግዳ ውስጥ ተገኝቶ እንደሚኖር የሰማሁት ግን አርባ ዓመቴን ካለፍኩ በኋላ፣ ያውም በታላቅ እህቴ ሕመም ምክንያት ነው።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ስለ ዋናው ቆሽት ጥቂት ማለት ይገባል። ቆሽት ከጨጓራ በስተጀርባ የተጋደመ፣ ራሱን በቀጭን አንጀት መጀመሪያ እቅፍ ውስጥ ያስገባ፣ ጅራቱን ወደ ጣፊያ የዘረጋ፣ ርዝመቱ 15 ሴንቲሜትር ያህል የሆነ ለስላሳ የአካል ክፍል ነው። ሥራው ሁለት ነው። አንደኛው፣ በቀን እስከ አንድ ሊትር ተኩል የሚደርስ ምግብ አፍራሽ ፈሳሽ እያመነጨ በቦይ ወደ አንጀት መላክ ነው። ሁለተኛው፣ በውስጡ እንደ ደሴት ተበታትነው ከሚገኙ ጥቃቅን የሕዋሳት ስብስቦች ኢንሱሊንንና መሰሎቹን በቀጥታ ወደ ደም መልቀቅ ነው። እነዚህን ደሴቶች አስቀድሞ በማጉያ መነጽር ተመልክቶ የጻፈው ጀርመናዊው ፓውል ላንገርሃንስ ሲሆን፣ ዓመቱም 1869 ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ወጣቱ ተማሪ ያየውን ነገር መልክ በጥንቃቄ ገለጸ፤ ሥራው ምን እንደሆነ ግን አላወቀም፤ አለማወቁንም ሳይሸሽግ አስፍሮታል።

ታላቅ እህቴን በቤታችን «እቴቴ» እንላታለን። እናታችን ቀድማ ስላረፈች ያሳደገችኝ፣ ያስተማረችኝ፣ የመጀመሪያው ተውኔቴ ሲታይ ከመጨረሻው ረድፍ ተቀምጣ የተመለከተችው እሷ ናት። ይህች ሴት ከደረቷ በታች የሚያቃጥልና የሚወጋ ሕመም ለብዙ ዓመታት ችላ ኖራለች። በሠፈራችን ለእንዲህ ያለ ሕመም ያለው ስም አንድ ብቻ ነው፤ «ጨጓራ ነው» ይባላል፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል። በርበሬ ተወች፤ ቡና ቀነሰች፤ ተልባና አብሽ አዘወተረች። ሕመሙ ሲብስባት በአፍ በሚገባ መመልከቻ ቱቦ፣ ማለትም በኢንዶስኮፒ፣ ተመረመረችና ከጨጓራዋ መውጫ በር አጠገብ አንድ እብጠት ተገኘ። እብጠቱ ክብ ነው፤ ላዩ ልሙጥ ነው፤ መካከሉ ላይ እምብርት የመሰለ ትንሽ ጎድጓዳ ነጥብ አለው። ከላዩ ተቆንጥሮ የተወሰደው ናሙና ጤነኛ የጨጓራ ሽፋን ብቻ ሆኖ ተመለሰ። ወጣቱ ሐኪም እንዳስረዳን፣ እብጠቱ ያለው ከሽፋኑ በታች በመሆኑ መቆንጠጫው አልደረሰበትም። በዚያ ቦታ እንዲህ ያለ እብጠት ሆነው የሚገኙ ነገሮች ልዩ ልዩ ናቸው፤ ከእነሱም አንዳንዶቹ የዋህ፣ አንዳንዶቹ አደገኛ ናቸው።

እቴቴ ሐኪሙን ትኩር ብላ አየችውና፣ «ልጄ፣ ክፉው በሽታ ነው?» አለችው።

«እማማ፣ ነው ለማለትም አይደለም ለማለትም አልችልም። ሕመሙ ስላልተወዎት አውጥተን እንየው» አላት።

ወጣ። ከቀዶ ሕክምናው እስከ ውጤቱ ባሉት ቀናት በቤታችን የክፉውን በሽታ ስም የጠራ ሰው አልነበረም፤ ዝም ስንል ግን ዝም የምንለው ስለ እሱ ነበር። ዘመድና ጎረቤት ሊጠይቅ እየመጣ፣ «ባዕድ ነገር ነው፤ እንኳን ወጣልሽ» ይላታል። እሷም በትዕግሥት፣ «ገና ስሙ አልታወቀም» ትላለች። እኔ በቃላት የምተዳደር ሰው ነኝ፤ ነገር ግን ስም ያልወጣለት ነገር በአንድ ቤት ውስጥ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ ያየሁት በዚያን ሰሞን ነው።

ውጤቱ በመጣ ዕለት ሐኪሙ፣ «ቆሽት ነው» አለ።

እቴቴ ደነገጠች። «ቆሽቴን ቆርጣችሁ አወጣችሁት?»

«የለም፣ እማማ፤ ቆሽትዎ ደኅና ነው፤ በቦታው አለ። ይህ ሌላ ነው። በጨጓራዎ ግድግዳ ውስጥ የነበረ ትንሽ ቆሽት ነው። ኤክቶፒክ ይባላል።»

ከዚያም የወጣው ሥጋ እንዴት በስሱ እንደሚከተፍ፣ እንዴት ቀለም እንደሚነከር፣ የላቦራቶሪው ባለሙያም በማጉያ መነጽር እንዴት እንደሚያነበው ገለጸላት። «እንደ ሞራ ገላጭ ማለት ነው?» አለችው። ሐኪሙ ሳቀና፣ «ሞራ ገላጭ የሚመጣውን ያያል፤ እኛ የነበረውን ነው የምናየው» አላት። እሷ ግን ልቧ አላረፈም። ወደ እኔ ዞረችና፣ «አንተ የቃል ሰው አይደለህ? ይኼን ኤክ ምንትስ ያለውን በአማርኛ ንገረኝ» አለችኝ።

«ቦታውን የሳተ ቆሽት» አልኳት።

«ማን አሳሳተው?»

አንባቢዬ ሆይ፣ ይህች ጥያቄ ቀላል መስላ ትታይ ይሆናል፤ እኔን ግን ብዙ መጻሕፍት አስገልጣኛለች። በመጀመሪያ የገጠመኝ የስሞቹ ብዛት ነው። ለዚሁ ለአንድ ነገር የሕክምና ጠበብት ቢያንስ አራት ስም አውጥተውለታል። «ኤክቶፒክ» የሚለው የግሪክ ቃል ከቦታ የወጣ ማለት ነው። «ሄትሮቶፒክ» የሚለውም ግሪክ ሲሆን ትርጉሙ በሌላ ቦታ ያለ ማለት ነው። «አበራንት» ከላቲን የመጣ ሲሆን ከመንገዱ የባዘነ ማለት ነው። «አክሰሰሪ» የሚሉትም አሉ፤ ተጨማሪ ወይም ረዳት እንደ ማለት ነው። አካሉ አንድ ሆኖ ሳለ አንደኛው ስም ወንጀለኛ፣ ሁለተኛው የሩቅ አገር ነዋሪ፣ ሦስተኛው መንገደኛ፣ አራተኛው አጋዥ ያደርገዋል። ስም አውጪው ከነገሩ ጋር የራሱን ፍርድ ጨምሮ እንደሚያስተላልፍ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ያለ አይመስለኝም።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። በሕክምና ታሪክ የመጀመሪያ ተብሎ የሚጠቀሰው መግለጫ በ1727 የተጻፈው የዣን ሹልትዝ ሲሆን፣ እሱ ያየው ቆሽት በቀጭን አንጀት ላይ በተፈጠረች ትንሽ ከረጢት ውስጥ ነበር። ነገሩ በእርግጥ ቆሽት መሆኑን በማጉያ መነጽር ያረጋገጠው ደግሞ ክሎብ ነው፤ ይህም በ1859 መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ የተመረመሩ አስከሬኖች እንዳሳዩት ከሆነ ከ100 ሰዎች መካከል ከግማሽ ሰው አንሥቶ እስከ 13 በሚደርሱት ውስጥ ይገኛል፤ የቁጥሩ ስፋት የሚያመለክተው ፈላጊው ምን ያህል ተግቶ እንደፈለገ ነው። በላይኛው ሆድ ላይ ከሚደረጉ 500 ቀዶ ሕክምናዎች በአንዱ ያህል ሳይታሰብ ይገኛል ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚኖረው በጨጓራና በቀጭን አንጀት የመጀመሪያ ክፍሎች ነው፤ በጨጓራም ቢሆን የሚወደው ቦታ ከመውጫው በር 6 ሴንቲሜትር ያህል ባልራቀ ሥፍራ ነው። ነገር ግን በሐሞት ከረጢት፣ በጣፊያ፣ በጉበት፣ በእምብርት፣ በደረት መካከል፣ በሳንባ፣ አልፎ ተርፎም በማህፀን ቱቦ ውስጥ የተገኘበት ጊዜ አለ። ከዋናው ቆሽት ጋር የሚያገናኘው ቦይ የለውም፤ የደም ሥሩም ለብቻው ነው። በዚህ ሁኔታ አብዛኛው ባለቤቱን ሳያሳምም፣ ባለቤቱም ሳያውቀው፣ አብሮት ኖሮ አብሮት ያርፋል።

ታዲያ ማን አሳሳተው? መልሱ የሚገኘው ሰው ሰው ከመምሰሉ በፊት ባሉት ሳምንታት ነው። ፅንሱ አራት፣ አምስት ሳምንት ሲሆነው፣ ወደፊት አንጀት ከሚሆነው ቀጭን ቱቦ ላይ ሁለት እንቡጦች ይበቅላሉ፤ አንዱ በስተጀርባ፣ ሌላው በስተፊት። ቱቦው ሲዞር የፊተኛው እንቡጥ አብሮ ዞሮ ወደ ኋለኛው ይጠጋል፤ በሰባተኛው ሳምንት ገደማ ሁለቱ ተዋሕደው አንድ ቆሽት ይሆናሉ። እንግዲህ ቆሽት በቦታው ተወልዶ በቦታው የሚቀር አይደለም፤ ዋናው ቆሽት ራሱ ከጉዞ በኋላ የተገጣጠመ ነው። ከዚህ በመነሣት አንደኛው ወገን፣ በዚያ ጉዞ ላይ ጥቂት ሕዋሳት ከእንቡጡ ተነጥለው በጨጓራ ወይም በአንጀት ግድግዳ ላይ ቀርተው በዚያው አድገዋል ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ማንም ከየትም አልመጣም፤ የጨጓራው፣ የአንጀቱና የቆሽቱ የመጀመሪያ ሕዋሳት የአንድ አባት ልጆች በመሆናቸው፣ ጨጓራ ሊሆኑ የታሰቡት ጥቂቶቹ በዚያው በቦታቸው ቆሽት ሆነው አደጉ ይላል። ይህን ሁለተኛውን ሐሳብ በ2006 የታተመ የጃፓን ተመራማሪዎች ሥራ አጠናክሮታል። ሄስ 1 የተባለው ጂን እንዲጎድልባቸው በተደረጉ አይጦች ጨጓራ፣ የቀጭን አንጀት መጀመሪያና የሐሞት ቦይ ውስጥ ቆሽት በቅሎ ተገኘ። ሄስ 1 «እዚህ ቆሽት አትሁኑ» የሚል ከልካይ ኖሯል፤ ከልካዩ ሲነሣ በውስጣቸው የነበረው ችሎታ ብቅ አለ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ለእቴቴ እንደ አቅሜ በቀላል አማርኛ አወራኋት። ስለ እንቡጡ፣ ስለ መዞሩ፣ በመንገድ ስለ ቀሩት ዘሮች ስነግራት ቆይታ፣ ድንገት እጇን አጨበጨበችና፣ «በል ተወው፤ ወፍ ዘራሽ ነዋ!» አለችኝ።

አራት የሕክምና ስሞችን ይዤ ያላገኘሁትን ቃል እሷ ከጓሮዋ አመጣችው። ወፍ ዘራሽ ማንም ሳይዘራው፣ ማንም ሳያስበው፣ በአጥር ሥር ወይም በማሳ መካከል የሚበቅል ነው። ስሙ ወንጀል አይጭንበትም፤ ውለታም አይቆጥርለትም። ገበሬም ወፍ ዘራሽን ስላየ ብቻ አይነቅለውም፤ ዱባም ከሆነ ያፈራል፤ ቡቃያውን ካላፈነበት ይተወዋል፤ ካፈነበት ይነቅለዋል። የሳይንቲስቶቹን ሁለተኛ ሐሳብ ለመግለጽ ግን ቃሉ ትንሽ እንደሚያጥር ነገርኳት፤ ምክንያቱም በዚያ በኩል ወፉም የለም፣ መሬቱ ራሱ ነው ያበቀለው። «መሬትስ ቢሆን መቼ የታዘዘውን ብቻ አብቅሎ ያውቃል?» አለችኝ።

ዛሬ ያለው የሐኪሞች ፍርድም ከገበሬው ፍርድ ብዙ የራቀ አይደለም። ምንነቱ በእርግጥ ከታወቀና ባለቤቱን ካላሳመመው ይተዉታል። ካሳመመ፣ ካደማ፣ የምግብ መተላለፊያ ከዘጋ፣ ወይም ምንነቱ አጠራጣሪ ከሆነ ያወጡታል። በእሱ ላይ ነቀርሳ የተነሣበት ጊዜ አለ፤ ይህ ግን እጅግ አልፎ አልፎ የሚገጥም ነው።

ከዚህ በኋላ የእቴቴ ሁለተኛ ጥያቄ መጣ። «ወፍ ዘራሽ ከሆነ፣ የራሴው ሥጋ ከሆነ፣ ምን አድርጌው ነው ያን ሁሉ ዓመት ያሠቃየኝ?» እኔም ይህን ይዤ ወደ ሐኪሙ ተመለስኩ። ሐኪሙ የላቦራቶሪውን ወረቀት እያሳየ ያስረዳኝ የጽሑፌ ፍሬ ነገር በመሆኑ ረጋ ብዬ ላቅርበው።

ሃይንሪክ የተባለ ሰው በ1909 እነዚህን ቆሽቶች በሦስት ክፍል መድቧቸዋል። የመጀመሪያው ክፍል የቆሽትን ነገር ሁሉ አሟልቶ የያዘ ነው፤ ፈሳሽ አመንጪዎቹም፣ ቦዮቹም፣ ደሴቶቹም አሉት። ሁለተኛው ፈሳሽ አመንጪዎችና ቦዮች ሲኖሩት ደሴቶች የሉትም። ሦስተኛው ቦዮች ብቻ ናቸው። የእቴቴ ከሁለተኛው ክፍል ነበር። እንግዲህ በጨጓራ ግድግዳ ውስጥ ተደብቆም ቢሆን የቆሽትነት ሥራውን አልተወም፤ ምግብ የሚያፈርስ ፈሳሽ ያመነጫል። በመካከሉ የታየችው እምብርት መሳይ ጎድጓዳ ነጥብም ቦዩ ወደ ጨጓራ የሚከፈትባት አፍ ናት። አፏ ክፍት እስከሆነ ድረስ ፈሳሹ ወደ ጨጓራ ይወርዳል፤ ማንም አይጎዳም። ቦዩ ሲጠብ ወይም ሲዘጋ ግን ፈሳሹ ወደ ኋላ ይታቆራል፤ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይሠራል፤ ዙሪያውን ያሳብጣል፤ የገዛ ቤቱን ማቃጠል ይጀምራል። በእህቴ ሥጋ ላይ የተነበበው ይኸው ነበር፤ የጠበቡ ቦዮች፣ የታቆረ ፈሳሽ፣ በዙሪያውም የቆየ ቁስለት። ሕመሙን ያመጣው ቆሽቱ በጨጓራ ቤት መገኘቱ ሳይሆን በጨጓራ ቤት መውጫ ማጣቱ ነው።

ይህ የተሳሳተ ቦታ ላይ የበቀለው ብቻ ዕጣ አይደለም። ዋናው ቆሽትም በትክክለኛ ቦታው ተቀምጦ ሳለ፣ የሐሞት ጠጠር ወይም ሌላ ምክንያት መውጫውን ቢዘጋበት፣ አንጀት ደርሶ ሊነቃ የሚገባው ፈሳሽ እዚያው ይነቃና ራሱን ቆሽቱን ማፍረስ ይይዛል፤ ከከባድ የሆድ ሕመሞችም አንዱ ይህ ነው። «ቆሽቴ አረረ» ያሉት አባቶቻችንና እናቶቻችን የቆሽትን ቦዮች ያዩ አይመስለኝም። ሆኖም መውጫ ያጣ ነገር ባለቤቱን እንደሚያሳርር በንዴታቸው ያውቁት ነበር።

ቦታ ብቻውን ፈራጅ እንዳልሆነ ሌላ ማስረጃም አለ። በ1889 በስትራስቡርግ ኦስካር ሚንኮቭስኪና ዮሴፍ ፎን ሜሪንግ የአንድን ውሻ ቆሽት ሙሉ በሙሉ ቢያወጡት ውሻው በስኳር በሽታ ተያዘ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሚንኮቭስኪ ቆሽት በሚያወጣበት ውሻ ላይ የቆሽቱን ቁራሽ ከሆዱ ቆዳ ሥር ተከለ፤ ውሻው ስኳር አልያዘውም። የተተከለውን ቁራሽ ሲያወጣው ግን ያዘው። ቁራሹ ከቆዳ ሥር ሆኖ፣ ቦታው ባልሆነ ቦታ፣ ነፍስ ያቆም ነበር ማለት ነው። በ2000 ደግሞ በካናዳ፣ በኤድመንተን ከተማ፣ ጄምስ ሻፒሮና ባልደረቦቹ ከሟቾች ቆሽት የተለዩ ደሴቶችን ወደ ጉበት በሚገባው ትልቅ የደም ሥር በኩል ለ7 የስኳር ሕሙማን ሰጡ። ደሴቶቹ በጉበት ውስጥ ሰፍረው ኢንሱሊን አመነጩ፤ ሰባቱም ከመርፌ አረፉ። በ2024 የቻይና ተመራማሪዎች ከአንዲት ታማሚ ከራሷ ሕዋሳት ያበቀሏቸውን ደሴቶች በሆዷ ጡንቻ ሽፋን ሥር ተክለው፣ ከውጭ ኢንሱሊን መውሰድ ማቆሟን አሳትመዋል። ተፈጥሮ ሳታስብ ያደረገችውን ሳይንስ አስቦ ማድረግ ይዟል፤ ቆሽትን ቆሽት በሌለበት ይዘራል። ልብ ማለት የሚገባው ደግሞ፣ በእነዚህ ሥራዎች ሁሉ ሳይንቲስቶቹን ያስጨነቃቸው «ቦታው ነው ወይስ አይደለም» የሚለው ሳይሆን፣ የተተከለው ደም ያገኛል ወይ፣ ያመነጨውስ ወደሚፈለግበት ይደርሳል ወይ የሚለው ጥያቄ መሆኑ ነው።

የሰውን አካል የኅብረተሰብ ምሳሌ ማድረግ በሁሉም አገር ያለ የቆየ የንግግር ልማድ ነው። እኔም ብዕረኛ ነኝና ወደዚያው ልሳብ እንደምችል ይሰማኛል፤ ልማዱ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሰዎች ሰዎችን «ባዕድ አካል» ወይም «ነቀርሳ» ብለው በጠሩበት ጊዜና ቦታ ሁሉ ስሙን ተከትሎ የመጣው ቢላ ነው። ምሳሌው ፍርዱን አስቀድሞ ስለሚሰጥ መርማሪ አያስፈልገውም። በእህቴ ቤት ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር፤ ጎረቤት ሁሉ ባዕድ ነው ሲል፣ ባለቤቷ «ገና ስሙ አልታወቀም» ብላ ጠበቀች። ባዕድ የተባለው ተመርምሮ የራሷ ሥጋ ሆኖ ተገኘ። መውጣቱም ተገቢ ነበር፤ ነገር ግን የወጣው ስላሳመመ ነው፣ ስሙ ስለከፋ አይደለም። በእነዚህ በሁለቱ ምክንያቶች መካከል ያለው ልዩነት ለቀዶ ሐኪሙ እጅ ትንሽ ይሆናል፤ ለሚቆረጠው ግን ሁሉም ነገር ነው።

መምህሩ በክፍሉ ውስጥ ከተመደበበት ትምህርት ይልቅ በሌላው የሚተጋ ተማሪ ያጋጥመዋል። የቴአትር አዘጋጁ ለአንድ ገጸ ባሕርይ የመረጠው ተዋናይ በሌላው ሲያበራ ያያል። የሥራ ኃላፊውም ከተመደበበት ወንበር ውጭ ያለውን ሥራ የሚያውቅ ሠራተኛ አያጣም። «ምን ሊያደርግ እዚህ በቀለ?» ማለት ለሁላችንም ቀላሉ ጥያቄ ነው። ቆሽት የሚያስተምረን ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ምን ያመነጫል? ያመነጨው መውጫ አለው ወይ? መልሱ የሚገኘው ደግሞ በስሙ ላይ ሳይሆን ከላዩ ሽፋን በታች ነው፤ ከላይ ተቆንጥሮ የሚወሰድ ናሙናም አይደርስበትም።